ታንኩ ሲሞላ ከኋላ፣ ሲበርድ ከፊት፦ የአሮጌ መኪና የቤንዚን ሽታ

ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳት መኪና እ.ኤ.አ. የ1993 ሞዴል ናት፤ ባለ ኢንጀክተር (ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ)፣ ቤንዚን። ከእኔ በፊት በስንት ሰው እጅ እንዳለፈች አላውቅም። ከሁለት ወር ወዲህ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ሁልጊዜ አይደለም፤ ያደናገረኝም ይኼው ነው። ጎንበስ ብዬ ሥሯን ባይ ጠብታ የለም። ካርቶን አንጥፌ ባሳድራት ካርቶኑ ደርቆ ያድራል። እኔማ ለምጄው ኖሯል፤ መጀመሪያ የነገረችኝ ከኋላ የተቀመጠችው እህቴ ናት። ራሷን አሟት፣ መስኮት ከፍታ ነው የደረሰችው። መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት፤ ፊልትሮና የታንክ ክዳን ቀይሮ ጤነኛ ናት ብሎ አስረከበኝ። ሽታው ግን አብሮኝ ተመለሰ። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጠብታ ሳይኖር ሽታው ከየት ይመጣል? እስኪገኝ ድረስስ ልንዳት ወይስ ላቁማት?

መልሱ ካሰብኩት በላይ በዛ። በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲጠቅም በገባበት ቅደም ተከተል አሳጥሬ አስቀምጬዋለሁ። የሰዎቹን ቃል አልገለበጥኩም፤ የገባኝን ነው የጻፍኩት፤ በየመሃሉም የራሴን ጣል አድርጌያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መልስ 1። የመጀመሪያው ሰው ጨዋ ነበር። ከመምከሩ በፊት ጠየቀኝ፦ የሚሸተው መቼ ነው፣ በየት በኩል ነው፣ ታንኩ ምን ያህል ሲሞላ ነው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው ወይስ ሞቆ። መልሱን እስካመጣ ግን መኪናዋን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ እንዳላሳድር አጥብቆ አሳሰበኝ፤ በተለይ እዚያው በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ካለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ ወጥቶ አይበተንም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ሄዶ እሳት ካለበት ይደርሳል። ይህን አላውቅም ነበር። የዚያኑ ማታ ውጭ አሳደርኳት።

መልስ 2። ክዳኑን ቀይር። በቃ። መቀየሩን መጻፌን ያነበበ አልመሰለኝም።

መልስ 3። ይህ የእኔ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ማስታወሻ ይዤ ነው የመለስኩት። ታንኩን በሞላሁበት ቀንና በማግስቱ ሽታው ከኋላ ወንበር በኩል ነው፤ ነዳጁ ከግማሽ ሲወርድ ድራሹ ይጠፋል። ሌላው ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩን ሳስነሳ፣ ከፊት በአየር ማስገቢያው በኩል ይመጣና 10 ደቂቃ ያህል ስነዳ የለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለቱን እንደ አንድ ሽታ ነበር የምቆጥራቸው።

መልስ 4። ጡረታ የወጡ መካኒክ መሆናቸውን የገለጹ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ጋሽ መካኒክ እላቸዋለሁ። ሁለት ሽታ ካለ ሁለት ቀዳዳ ነው የሚፈለገው፤ አንዱን አግኝቶ ማረፍ ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ እንደ እሳቸው አስተያየት። ታንኩ ሲሞላ ብቻ የሚሸት ከሆነ ቀዳዳው ከታንኩ ወገብ በላይ ነው፤ ነዳጁ ሲወርድ የማይደርስበት ቦታ ማለት ነው። እዚያ ያለው ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም። ከመሙያው አፍ ወደ ታንኩ የሚወርድ ወፍራም ጎማ አለ፣ ከጎኑ የሚሄድ ቀጭን የመተንፈሻ ጎማ አለ፣ ፖምፓውና የነዳጅ መለኪያው ተንሳፋፊ የሚገቡበት ክብ ክዳን ከነጓርኒሲዮኑ (ከነማሸጊያው) አለ። ብዙ መኪና ላይ ይህ ክብ ክዳን ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ፣ ጓርኒሲዮኑ ሲደርቅ ትነቱ ቀጥታ ተሳፋሪው ላይ ነው የሚወጣው። የእህቴ ራስ ምታት ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጠብታ ስለማጣቴም አስረዱኝ። ቤንዚን ቶሎ ተን ብሎ ይጠፋል፤ በትንሹ የሚያልበው መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ያልቃል። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ጠብታ ሳይሆን ፋናው ነው። አቧራ በለበሰ ቱቦ ላይ ታጥቦ የጸዳ መስመር፣ ወይም በመጋጠሚያ ዙሪያ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ቫርኒሽ የመሰለ እድፍ።

መልስ 5። በከፊል የሚያርማቸው መጣ። የመኪናው ሁሉ ታንክ ከኋላ ወንበር ሥር አይደለም፤ ከሻንጣው ወለል በታች ያለውም አለ፣ እዚያ ከሆነ ሽታው ከሻንጣው ነው የሚገባው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አነሳ፦ ነዳጅ ስቀዳ የማደያው ሽጉጥ ቀጭ ብሎ ካቆመ በኋላ እጨምራለሁ ወይ? ከታንኩ የሚወጣው ትነት ዝም ብሎ አይለቀቅም፤ ካኒስተር በሚባል፣ ከሰል በታጨቀ ጣሳ ውስጥ ገብቶ ይያዛል፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከዚያ እየተሳበ ይቃጠላል። አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር በካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል፣ በመላ አገሪቱ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ጣሳው የተሠራው ግን ለትነት ነው። ታንኩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ፈሳሹ ራሱ ገብቶ ከሰሉን ያርሰዋል፤ የራሰ ከሰል ትነት መያዙን ይተዋል።

መልስ 6። የእኔ ነው፤ አዎ፣ ሁልጊዜ እጨምራለሁ ብዬ አመንኩ። ማንም አልሰደበኝም።

መልስ 7 እና 8። 7ኛው ፍሳሽ ቢኖር ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራ ነበር ብሎ ደመደመ፤ መብራት ከሌለ ሽታው ያለው አእምሮዬ ውስጥ ነው የሚል አንድምታ ነበረው። 8ኛው ለብቻው አስተማረው፤ እኔም አብሬ ተማርኩ። የትነት መጥፋትን ራሱ ፈትሾ ኮድ የሚመዘግበው ኦቢዲ ሁለት የሚባለው ሥርዓት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ መኪኖች ሁሉ ግዴታ የሆነው ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ነው። የእኔዋ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ሥርዓቱ ያላቸውም ቢሆኑ ፍተሻውን ሁልጊዜ አያደርጉም፤ አብዛኞቹ ታንኩ በጣም ሲሞላ ወይም ሊያልቅ ሲል ይዘሉታል። ይባስ ብሎ የሚፈትሹት የትነቱን ወገን እንጂ ከፖምፓ ወደ ሞተር በግፊት የሚሄደውን ፈሳሽ አይደለም። የሞተሩ ክፍል በቤንዚን እየራሰ መብራቱ ዝም ሊል ይችላል። 7ኛው ሰው መልስ አልሰጠም።

መልስ 9። ሽጣት።

መልስ 10። ይህ ሰው ለ9ኛው ጠንከር አድርጎ ጻፈለት። የሚሸት መኪና ሳይናገሩ መሸጥ እሳቱን ለሌላ ሰው ቤተሰብ ማሻገር ነው፤ ተናግረው ቢሸጡ ደግሞ የሚገዛ የለም፤ ስለዚህ ምክሩ ምክር አይደለም። ትንሽ ከረረ፤ ግን እውነቱን ነው።

መልስ 11። ስለ ካርቡሬተር፣ ማለትም በድሮ መኪና ቤንዚንና አየር ስለሚደባልቀው ዕቃ፣ የሚተርክ ረጅም ጽሑፍ ነበር። የእኔዋን ባይመለከትም በሙሉ አነበብኩት። የዚህ ሰው መኪና ሞተሩ በጠፋ ቁጥር ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ትሸት ነበር፤ የነዳጅ ጎማውን ሁሉ ቀይሮ መላ አጣ። በመጨረሻ ካርቡሬተሩን ፈቶ የናሱን ተንሳፋፊ ጆሮው አጠገብ ቢወዘውዘው ውስጡ ፈሳሽ ተንቦጫቦጨ። ባዶ መሆን የሚገባው ነገር ቤንዚን ጠጥቶ ከብዷል። ተንሳፋፊው ሲከብድ ከፍ አይልም፣ ከፍ ካላለ መርፌው መግቢያውን አይዘጋም፣ ቤንዚኑም ሳህኑን ሞልቶ ይተርፋል። ቀዳዳው ለዓይን አይታይም ነበር። እሳት ላይ ያልተጣደ የሞቀ ውሃ በሳህን አድርጎ ሲነክረው፣ ከመጋጠሚያው ጥግ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ተራ በተራ ትወጣ ጀመር። ያቺን አረፋ ያየሁ ያህል ነው የሳላት።

መልስ 12። የጠዋቱን ሽታ የፈታልኝ ይኸኛው ነው። ጎማም ሆነ ኦሪንግ (የመጋጠሚያ ማሸጊያ ቀለበት) ሲያረጅ ይደርቃል፤ የደረቀ ጎማ በብርድ ሲኮማተር ከብረቱ ጋር በመጠኑ ይላቀቃል። ሞተሩ ሲሞቅ አብሮ ይሰፋና ክፍተቱን መልሶ ይደፍናል። ለዚህ ነው 10 ደቂቃ ስነዳ የሚጠፋው፤ መካኒኩ ምንም ያላገኘውም ለዚህ ነው፤ መኪናዋ እሱ ዘንድ የደረሰችው ሞቃ ነው። ምክሩ እንዲህ ነበር። ማታ አቁሜ፣ ጠዋት ሳላስነሳ ኮፈኑን እንድከፍት። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ አንድ ጊዜ እንዳዞር፤ ያኔ ፖምፓው ለ2 ሰከንድ ያህል ሠርቶ መስመሩን ግፊት ይሞላዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሜ፣ ነጭ ወረቀት በየመጋጠሚያው ሥር እያስነካሁ እንዳይ። ብርሃኑ የኤልኢዲ ባትሪ እንዲሆን፤ በሽቦ የሚንጠለጠለው ባለ አምፖል መብራት ግን ፈጽሞ እንዳይደርስ። የጋለ አምፖል ላይ የቤንዚን ጠብታ ቢያርፍ መስታወቱ ይፈነዳል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሽቦውና የትነቱ ጉዳይ ነው።

መልስ 13። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የተበላሸው። አንዱ፣ ዘመዱ ፍሳሽ የሚፈልገው ላይተር እያበራ እንደነበርና እስከ ዛሬ ምንም እንዳልሆነ ጻፈ። ፈገግታ የሚያሳይ ምልክትም ጨምሮበታል።

መልስ 14። 13ኛውን እብድ ሊለው ምንም አልቀረው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንኳ በብልጭታ የሚያያዝ ትነት ይሰጣል፤ ስለዚህ ቀዝቃዛ ነው ብሎ መተማመን የለም። ትነቱ ከአየሩ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ ከሆነ ይያዛል።

መልስ 15። 13ኛው ተመልሶ መጣ። የተለኮሰ ሲጋራ የቤንዚን ትነት እንደማያቀጣጥል ማንበቡን ጠቅሶ፣ ሰው ዝም ብሎ ይደነግጣል ብሎ ተከራከረ።

መልስ 16። 14ኛውም ተመለሰ። ስለ ሲጋራው ያለው እውነትነት እንዳለው አልካደም፤ የሲጋራ ፍም ብቻውን ቤንዚን የሚለኩሰው ከስንት አንዴ ነው። ሲጋራውን የለኮሰው ክብሪት ግን ይለኩሰዋል። ላይተር ደግሞ ፍም ሳይሆን ነበልባል ነው፤ ስለዚህ 15ኛው መልስ 13ኛውን አይደግፈውም። የቀረውን ስድብ እዘለዋለሁ።

መልስ 17። ጋሽ መካኒክ ሁለቱንም አበረዱ። አፍንጫ ከአየሩ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ የማይሞላውን ቤንዚን ያውቃል፤ ለመቃጠል ግን ከመቶ አንድ ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። በመሃሉ የሺዎች እጥፍ ርቀት አለ። ስለዚህ ሽታ ሁሉ ፍንዳታ አይደለም፣ ሰው አይሸበር። ነገር ግን ከቀዳዳው አፍ ላይ፣ ፈሳሹ እየተነነ ባለበት ስንዝር ቦታ፣ ትነቱ ያንን መጠን መሙላቱ አይቀርም፤ ላይተሩ የሚጠጋው ደግሞ እዚያች ስንዝር ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ላይተር የጻፈ የለም።

መልስ 18። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቼ እንዳሸት የጠየቀኝ ሰው ነው። በድሮዎቹ መኪኖች ሞተሩ ጎን የሚታሰረው ፖምፓ ሸራው ሲቀደድ ቤንዚኑን ወደ ዘይቱ ይለቀዋል፤ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ልኩም ሳይጨመርበት ከፍ ይላል። በእኔ ዓይነቷ ደግሞ የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫኩም ጎማ ነቅሎ ማየት ነው። ያ ጎማ አየር ብቻ ነው ሊኖርበት የሚገባው፤ ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከራሰ የመቆጣጠሪያው ሸራ ተቀዷል። ሁለቱንም አየሁ፤ ደህና ናቸው።

መልስ 19። የእኔ ነው። በ12ኛው ምክር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ኮፈኑን ከፈትኩ። ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩ፤ ከኋላ ፖምፓው እዝ ብሎ ዝም አለ። ወረቀቱን ኢንጀክተሮቹ ሥር አስጠጋሁ፤ ደረቅ። በሦስተኛው ላይ፣ ከብረት ቱቦው ወደ ኢንጀክተሮቹ መስመር የምታሻግር አንዲት ስንዝር የማትሞላ ጎማ ጋ ስደርስ ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ጨለም አለ። ጎማዋ አትንጠባጠብም፤ ታልባለች። ከፋሼታው (ጎማዋን ከሚያጠብቀው ቀለበት) ጥርስ ሥር ቀጭን እርጥበት ይወጣል፣ በዓይኔ እያየሁት ይደርቃል፣ ሌላ ይተካል። ጎማዋን በጣቴ ጎበጥ ሳደርጋት ቆዳዋ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። ከሌሎቹ ጎማዎች የተለየች ነች፣ ቀለሟም ሌላ ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ቀይሮ ያስገባት መሆን አለበት።

መልስ 20። ጎማዋ ላይ ምን እንደተጻፈ ጠየቀኝ። አንብቤ ስነግረው ነገሩን ዘረዘረው። በካርቡሬተር መኪና የነዳጁ ግፊት ከግማሽ ባር አይበልጥም። በኢንጀክተር ግን ከ2.5 እስከ 4 ባር ነው፤ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ በሚረጩት አዳዲሶቹ ላይማ ከሞተሩ አጠገብ ያለው ግፊት ከ100 ባር ያልፋል፤ እዚያ ጎማ የሚባል አይገባም። እኔ ጋ የተገጠመችው 30አር7 የሚል ጽሑፍ ያላት፣ ለዝቅተኛ ግፊትና ለትነት የምትሆን ናት። ለኢንጀክተር የሚሆነው 30አር9 ነው። ታንኩ ውስጥ ቤንዚኑ ውስጥ ተነክሮ ለሚኖር ጎማ ደግሞ 30አር10፤ ምክንያቱም እዚያ የጎማው ውጭም እንደ ውስጡ ቤንዚን መቋቋም አለበት። ፋሼታውም ባለ ቀዳዳ ጥርሱ ዓይነት መሆን የለበትም፤ ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጠዋል። ጠርዙ የታጠፈ፣ በቡሎን የሚጠብቀው ነው የሚሻለው።

መልስ 21። ጎማ ጎማ ነው፣ ሁሉም ከአንድ ፋብሪካ ነው የሚወጣው የሚል ሰው መጣ።

መልስ 22። 20ኛው በጨዋነት አላለፈውም። ጎማ ሁሉ አንድ ከሆነ የውሃ ማጠጫ ጎማ እንዲያስገባና ውጤቱን እንዲነግረን ጋበዘው። ከዚያ አንድ ሰው የምር እንዳይወስደው ፈርቶ ይመስለኛል፣ ቀልድ መሆኑን ከሥር አከለ።

መልስ 23 እስከ 27። ውይይቱ ሌላ መንገድ ያዘ። አንዱ ጥፋቱን ሁሉ ቤንዚን ውስጥ በሚጨመረው ኤታኖል ላይ ደፈደፈ፤ ሌላው 10 በመቶ ኤታኖል አዳዲስ ጎማዎችን እንደማይጎዳ፣ የሚጎዳው ለእሱ ያልተሠሩትን የድሮዎቹን እንደሆነ አረመው፤ ኤታኖል ውሃ ስለሚስብ ቆሞ የሚውል መኪና ላይ የብረት ታንክ እንደሚያዝግም ጨመረ። ሦስተኛው የድሮው እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይሻል ነበር ብሎ ናፈቀ። ለመኪና የሚሸጥ እርሳስ ያለበት ቤንዚን በ2021 ከዓለም የጠፋው የሰው አእምሮና ልብ ስለሚጎዳ መሆኑን አንዲት ሴት አስታወሰችው፤ ስለ ሽታ እያወራን መሆኑንም እንዲሁ። ከዚያ አንዱ ፎርድ ፒንቶ የምትባለውን የድሮ የአሜሪካ መኪና አመጣ፤ በ1978 ከሌላ መንትያዋ ጋር 1.5 ሚሊዮን ያህል መኪና ለጥገና የተጠራባትን። የፒንቶ ጣጣ ማርጀት አልነበረም፤ ታንኩ ከኋላ አክስሉ በስተጀርባ ተቀምጦ ከኋላ ሲመታ መቀደዱ ነበር። ያነሳው ሰውም ከእኛ ነገር ጋር እንደማይገናኝ አምኗል፤ ማውራቱ ብቻ ነው ደስ ያለው።

መልስ 28። ታንኩ ራሱ ቢበሳስ ለሚል፣ አንዱ ቤንዚኑን ቀድቶ፣ በውሃ አለቅልቆ ማስበየድ እንደሚቻል ጻፈ።

መልስ 29። ከክሩ (ከዚህ የጥያቄና መልስ ሰንሰለት) ሁሉ በጣም የተቆጡት እዚህ ላይ ነው፤ ጋሽ መካኒክ። እስከዚያ ድረስ ቁጣ አላየሁባቸውም። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይከፋል። ሙሉ ታንክ ውስጥ ትነቱ በጣም ስለሚበዛ አየር አጥቶ አይቃጠልም፤ ባዶው ውስጥ ግን ትነትና አየር በልኩ ተደባልቀው ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ በውሃ ማለቅለቅ በግድግዳው ስፌትና በዝገቱ ውስጥ የተደበቀውን አያወጣም፤ ብየዳው ሲያሞቀው እንደገና ይተናል። አብሯቸው የሠራ አንድ ልጅ በዚህ ዓይነት ታንክ ፊቱን መቃጠሉን በሁለት መስመር ጽፈው አለፉት። ታንክ ወይ ይቀየራል፣ ወይ መሣሪያውና ልምዱ ላለው ይሰጣል። 28ኛው ይቅርታ ጠየቃቸው፤ በአንቱታ።

መልስ 30። ስለ ሳሙና ነው። መንገድ ላይ ታንኩ ስፌቱ ጋ ማንጠብጠብ የጀመረበት ሰው ደረቅ ሳሙና እያሸ ጠቅጥቆበት እቤቱ ደርሷል። ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም፤ በውሃ ግን ይሟሟል፤ ስለዚህ ዝናብ እስኪመጣ የሚሆን መላ ነው። በሳሙና ሦስት ወር የነዳ እንዳለም ሰምቷል። እኔ አልደፍርም።

መልስ 31። ጎማዋን ራሴ ልቀይር ማለቴን ያነበበ ሰው ፋታ እንድወስድ ለመነኝ። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መስመሩ ውስጥ ግፊት ለሰዓታት ይቆያል፤ ፋሼታውን በካቻቪቴ ላላ ሲያደርጉት ቤንዚኑ ዓይን ውስጥ ነው የሚረጨው። መጀመሪያ የፖምፓውን ፊውዝ ነቅሎ፣ ሞተሩን አስነስቶ በራሱ እስኪጠፋ መጠበቅ፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጋቲቭ መፍታት፤ መጋጠሚያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቀስ እያሉ ማላላት። መነጽር ማድረግ። ዱቄት ያለበት የእሳት ማጥፊያ አጠገብ ማኖር፤ ውሃ አይሆንም፣ ቤንዚን ውሃ ላይ ተንሳፍፎ እየነደደ ይሄዳል። ኮፈን ሥር ጭስ ከታየ ደግሞ ኮፈኑን ብው አድርጎ መክፈት እሳቱን አየር መመገብ ነው። ይህን ሁሉ አድርጌ ቀየርኩት፤ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ግማሹ ፊውዙን መፈለግ ነበር።

መልስ 32። የጠዋቱ ሽታ ጠፋ ብዬ ጻፍኩ። ደስታዬ አላስቻለኝም፤ ሰዉም እንኳን ደስ ያለህ አለኝ።

መልስ 33። ጋሽ መካኒክ ብቻ ናቸው ደስ ያላላቸው። የኋላውስ ብለው ጠየቁ። እውነት ለመናገር ረስቼው ነበር፤ ታንኩ ግማሽ በታች ስለነበር አልሸተተኝም።

መልስ 34። የሚቀጥለውን ሙሌት ጠበቅኩና የኋላ ወንበሩን አነሳሁ። ክብ ክዳኑ ላይ ያለው አቧራ ድፍን ነው፤ ያልታጠበ፣ እድፍ የሌለው። ጓርኒሲዮኑ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቅኩ። በውስጥ በኩል፣ ከኋላ እግሯ መሸፈኛ ጀርባ፣ ከመሙያው አፍ ወደ ታንኩ በሚወርደው ወፍራም ጎማ ጎን የሚሄደውን ቀጭን መተንፈሻ በእጄ ዳበስኩት። ላይ ላዩ ደህና ነበር። ከሥሩ፣ ዓይን በማያየው በኩል፣ በርዝመቱ ተተርትሯል፤ ጣቴ ገባበት። ታንኩን አፉ ድረስ በሞላሁ ቁጥር ቤንዚኑ ወደዚያ እየተገፋ ከጎማው ወጥቶ ውስጠኛው ምንጣፍ ላይ ያልፍ ነበር። የጠብታ ካርቶኔ ለምን እንደደረቀ አሁን ገባኝ፤ ፍሳሹ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ ነበር።

መልስ 35። የአንድ ዘመን ጎማ በአንድ ዘመን ነው የሚሄደው ብለው ጋሽ መካኒክ ቀሪዎቹንም እንድቀይር አሳሰቡኝ። በዚህ ላይ ማንም አልተከራከራቸውም። ከመመለሻው መስመር ጀምሬ አራቱን ቀየርኩ፤ ሁለቱ ሲነቀሉ እጄ ላይ ተሰባበሩ።

መልስ 36። ክሩን ሳያነብ የገባ ሰው፤ ክዳኑን እንዳይ መከረኝ። 2ኛው ሰው ተስማማ።

መልስ 37። አፍንጫን ስለማመን የጻፈችው ሴት፣ እርሳሱን ያስታወሰችው እሷ ናት። ሰው ሽታ ውስጥ ሲቆይ አፍንጫው ይደነዝዛል፤ ባለ መኪናው የመጨረሻው ምስክር ነው። ጠፋ ያልኩት በእርግጥ ጠፍቶ ነው ወይስ ለምጄው ነው? መኪናዋን የማይነዳ ሰው፣ መስኮቷ ተዘግቶ ካደረች በኋላ ጠዋት በሩን ከፍቶ እንዲያሸት እንዳደርግ ነገረችኝ።

መልስ 38። የእኔ የመጨረሻው። ምንጣፉን አውጥቼ ሁለት ጊዜ በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ፤ የወንበሩን ስፖንጅም አብሬ። ማደያው ቀጭ ሲል አቁማለሁ። ትናንት ታንኩን ሞላሁ፣ መስኮቱን ዘግቼ አሳደርኳት፤ ዛሬ ማለዳ እህቴን ጠራኋት። የኋላውን በር ከፍታ፣ ሻርፗን ከአፍንጫዋ ገለል አድርጋ፣ ግማሽ አካሏን አስገብታ አሸተተች። ወጥታ ደግማ ገባች። ቤንዚን የለም፤ ሳሙናው ግን በዝቷል አለችኝ።